ሜዳው የራቀ ክለብ፦ የባሕር ዳርና የጎንደር ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ተወዳጅነት ከከተማ እስከ ወገዳ

አጽሕሮት

በባሕር ዳርና በጎንደር ከተሞች ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ካለፉት ዐሥር ዓመታት ወዲህ ብዙ ተከታይ አፍርቷል። ይህ ጽሑፍ የተወዳጅነቱን መነሻ፣ ያለፈበትን መንገድና ዛሬ የሚገኝበትን አጣብቂኝ ይመረምራል። ተወዳጅነትን በሦስት ከፍሎ ያያል፤ እነርሱም ሰው ወደ ስታዲየም የሚሄድበት የሜዳ ተወዳጅነት፣ ጨዋታውን በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚከታተልበት የስርጭት ተወዳጅነት፣ ለክለቡ ከገቢው የሚከፍልበት የኪስ ተወዳጅነት ናቸው። ክለቦቹ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አግኝተው ሦስተኛውን ሳይገነቡ ከሜዳቸው ርቀዋል። በዚህም የተነሣ የከተማው ደጋፊ ቀድሞውንም ከሜዳ ርቆ ይኖር ከነበረው ከወገዳና ከንፋስ መውጫ ተመልካች ጋር በአንድ ደረጃ ላይ ተቀምጧል።

1. መግቢያ

አንድ የስፖርት ክለብ ተወዳጅ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የደጋፊው ብዛትና የጩኸቱ ድምቀት ነው። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ዘፈኑን የሚያውቅ፣ ማልያውን የሚለብስ፣ ውጤቱን በየሳምንቱ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ለክለቡ ሕልውና የሚያበረክተው ነገር እኩል አይደለም። በተለይ ተጫዋቾች በውል ተቀጥረው ወርኃዊ ደመወዝ በሚከፈላቸው በፕሮፌሽናል እግር ኳስ፣ ፍቅር ወደ ገቢ፣ ገቢም ወደ ተቋም ካልተለወጠ የክለቡ ዕድሜ በሌላ አካል በጎ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል።

የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ሁለት ክለቦች ናቸው። አንደኛው በደጋፊዎቹ «አፄዎቹ» የሚባለው የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ሲሆን፣ ሁለተኛው «የጣና ሞገዶቹ» የሚባለው ባሕር ዳር ከተማ ነው። ጽሑፉ በአደባባይ በሚታወቁ የውድድር ውጤቶች፣ የሊጉ አደረጃጀት ባሳለፋቸው ለውጦችና በአካባቢው አቀማመጥ ላይ ይመሠረታል። የደጋፊን ቁጥር አይቆጥርም። የሚጠይቀው ተወዳጅነቱ ከምን እንደ ተሠራና ምን ሊሸከም እንደሚችል ነው። ለዚህም ጉዳዩን ከስታዲየሙ በር ብቻ ሳይሆን ከምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ ማለትም ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ጭምር ይመለከታል፤ ከሩቅ የሚታየው ነገር ከቅርብ የተሰወረውን ያሳያልና።

2. ከመሥሪያ ቤት ቡድን ወደ ከተማ ቡድን

የኢትዮጵያ ክለብ እግር ኳስ ታሪክ በአመዛኙ የተቋማት ታሪክ ነው። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሕዝብ መካከል የበቀለ ቢሆንም፣ ከእርሱ በኋላ ስማቸው የገነነው አብዛኞቹ ቡድኖች የሠራዊት፣ የፖሊስ፣ የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ነበሩ። መቻል፣ ኦሜድላ፣ መብራት ኃይል፣ የድሬዳዋው ጥጥ እና ንግድ ባንክ ለዚህ ምስክሮች ናቸው። በ1990 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ውድድር ሲጀመርም የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው መብራት ኃይል ነበር። እንዲህ ባለው ሥርዓት ተጫዋቹ የመሥሪያ ቤቱ ተቀጣሪ፣ ደጋፊውም በአመዛኙ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነበር። ከዋና ከተማው ውጭ የሚኖር ሰው ከእነዚህ አንዱን ቢደግፍ ምርጫው በስም፣ በማልያ ቀለም ወይም በአንድ ተጫዋች ዝና የተነሣ እንጂ «የእኔ አገር ነው» በሚል አልነበረም።

ይህ መልክ ቀስ በቀስ ተለወጠ። በ1996 ዓ.ም. ሐዋሳ ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ፤ በ1999 ዓ.ም.ም ደገመው። «ከነማ» የሚለው ስም የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበር የሚያመለክት አጽሕሮተ ቃል ነው። ስሙ ራሱ የባለቤትነት ጥያቄ ያነሣል፤ ክለቡ የመሥሪያ ቤት ሳይሆን የነዋሪ ነው ይላል። በስምና በተግባር መካከል ያለው ርቀት ግን ሰፊ ነው፤ ጽሑፉም ወደዚህ ነጥብ ይመለሳል።

በጎንደር የተከሠተው ለውጥ ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። ከተማዋ ለተወሰኑ ዓመታት በፕሪሚየር ሊጉ የተወከለችው በቢራ ፋብሪካ ክለብ፣ በዳሸን ቢራ ነበር። ዳሸን ቢራ በ2008 ዓ.ም. ውድድር ማብቂያ ከሊጉ ወረደ። በዚያው ጊዜ በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተውና ለረጅም ዓመታት በታችኛው እርከን የቆየው ፋሲል ከነማ አደገና በ2009 ዓ.ም. ውድድር ከታላላቆቹ ጋር ተሰለፈ። በአንዲት ከተማ፣ በአንድ ዓመት፣ የፋብሪካ ክለብ ወጥቶ የከተማ ክለብ ገባ። ፋሲል በአጭር ጊዜ ውስጥ ያሰባሰበው ተከታይ የሚያስረዳው፣ ከተማዋ የጎደላት ጥሩ እግር ኳስ ሳይሆን የራሷን ስም የያዘ እግር ኳስ እንደ ነበር ነው። አፄ ፋሲል የሚለው ስም በጎንደር ድንጋይ ላይ የተጻፈ ስም ነው፤ ለማስተዋወቅ ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

ባሕር ዳር ከተማ ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተለ፤ በ2010 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊጉ አድጎ በ2011 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቀለ። በዚያ ዓመት ፋሲል ከነማ እስከ መጨረሻው ሳምንት ለሊጉ ዋንጫ ተፎካክሮ ሳይሳካለት ቢቀርም የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሣ። አገር አቀፉ ስዕልም ይኸው ነበር። ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ መቀሌ 70 እንደርታ በ2011፣ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን ሆኑ። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሠርዞ ነበርና፣ እስከ ፍጻሜ በተካሄዱ ሦስት ተከታታይ ውድድሮች ዋንጫው ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ የከተማ ክለቦች እጅ ገብቷል ማለት ነው።

የከተማ ስም ግን ሁለት ስለት ያለው ነገር ነው። ክለቡ ከተማን ሲወክል የከተማውን ኩራት ብቻ ሳይሆን የዘመኑን ፖለቲካዊ ቁርሾም ወደ ሜዳ ይዞ ይገባል። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በወልድያ ከመቀሌ ክለብ ጋር ሊደረግ ከነበረው ጨዋታ ጋር ተያይዞ የተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት እስከ መጥፋት ደርሷል። የከተማ ክለብን ተወዳጅነት የሚያጠና ሰው ይህንን ጥላ ዘሎ ሊያልፍ አይችልም።

3. ስታዲየሙ ያመጣው

የባሕር ዳር ስታዲየም ግንባታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረ ሲሆን፣ ከሃምሳ ሺሕ በላይ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደ ነው። ባሕር ዳር ከተማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ከማደጉ በፊት ስታዲየሙ ብሔራዊ ቡድኑን አስተናግዶ ነበር። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፈችው በዚሁ ሜዳ ነው። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1፣ መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸንፋለች። የማዳጋስካሩ ድል ኢትዮጵያ ከስምንት ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ እንድትመለስ መንገድ ከጠረገላት ውጤት አንዱ ነበር።

እነዚህ ጨዋታዎች ለክለቡ ተወዳጅነት ያደረጉትን አስተዋጽኦ አሳንሶ ማየት አይገባም። ሰው ወደ ስታዲየም መሄድን የሚለምደው በመሄድ ነው። መቼ መድረስ እንዳለበት፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ምን ብሎ እንደሚዘፍን የሚያውቅ ተመልካች በአንድ ቀን አይፈጠርም። ብሔራዊ ቡድኑ ይህንን ልማድ ለከተማዋ አስተማረ፤ ክለቡ ወደ ሊጉ ሲገባ የተዘጋጀ ተመልካች አገኘ። ክለቡ በሜዳው የሚያደርገው ጨዋታ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ሲመላለስ፣ ጨዋታው እንደ ገበያ ቀን የሚጠበቅ የከተማዋ ቀጠሮ ሆነ። የባጃጅ ሾፌሩ፣ የቡና ጠጡ ባለቤት፣ ማልያና ባንዲራ የሚያዞረው ልጅ ሁሉ ከዚያ ቀጠሮ የየድርሻቸውን ያገኛሉ። የሜዳ ተወዳጅነት የምንለው ይኸው ነው፤ ቀን፣ ቦታና ልማድ ያለው ፍቅር።

ፋሲል ከነማም ከዚህ ስታዲየም ተጠቅሟል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛም 1 ለ 0 ያሸነፈው በባሕር ዳር ነበር፤ በመልሱ ጨዋታ ግን 3 ለ 1 ተሸንፎ ከውድድሩ ወጥቷል። የአንዱ ከተማ ክለብ በሌላው ከተማ ሜዳ አህጉራዊ ጨዋታ ማድረጉ የሁለቱን ከተሞች ፉክክር ባያጠፋም ደጋፊዎቻቸው ለአንድ ቀን ጎን ለጎን እንዲቆሙ አድርጓል።

4. ዋንጫው ሲመጣ ሜዳው ራቀ

በ2013 ዓ.ም. የሊጉ አደረጃጀት በመሠረቱ ተለወጠ። ወረርሽኙ የፈጠረውን ስጋት ለመቀነስ ክለቦች በየከተማው መመላለሳቸው ቀርቶ፣ ሁሉም በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለተወሰኑ ሳምንታት ከተጫወቱ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ እንዲዛወሩ ተደረገ። በዚያ ዓመት ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተካሄዱ። የቴሌቪዥን ስርጭቱም በዚሁ ዓመት ጀመረ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ከዲኤስቲቪ ጋር የአምስት ዓመት ውል ተፈራርሞ ጨዋታዎቹ በሳተላይት ቀጥታ መታየት ቻሉ። ካሜራና ባለሙያ በአንድ ቦታ ማሰባሰብ ለስርጭቱ ቀላል ስለ ነበር፣ ለወረርሽኝ የታሰበው አደረጃጀት ወረርሽኙ ካለፈም በኋላ ቀጠለ።

ከዚህ የሚወጣው ውጤት አስገራሚ ነው። በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ የተመራው ፋሲል ከነማ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሣው በዚሁ በ2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጎንደር ከአስተናጋጅ ከተሞች መካከል ስላልነበረች በዓመቱ አንድም የሊግ ጨዋታ አላየችም። ከተማዋ ለዋንጫው የበቃውን ቡድን በስክሪን አየችው፤ በአካል ያገኘችው ዋንጫውን ይዞ ሲመለስ በአቀባበሉ ቀን ነበር። የሜዳ ተወዳጅነት ወደ ስርጭት ተወዳጅነት የተሸጋገረው በሽንፈት ሳይሆን በከፍተኛው ድል መካከል መሆኑ መሠረታዊውን ለውጥ ለጊዜው ሸፍኖታል።

ሁለተኛው መራቅ ከስታዲየም ደረጃ ጋር የተያያዘ ነው። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በባሕር ዳር በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ከተሸነፈች ብዙም ሳይቆይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሙ ደረጃውን አያሟላም በማለት አገደው። በቀጣዩ ወር ከጋና ጋር የነበረው ጨዋታ ወደ ጆሃንስበርግ ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲህም ብሔራዊ ቡድኑ «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው አገር ማድረግን ለመደ። ሦስተኛው መራቅ ከጸጥታ ጋር ይያያዛል። ባሕር ዳር ከተማ በ2015 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ደግአረገ ይግዛው እየተመራ በሊጉ ሁለተኛ ሆኖ ሲያጠናቅቅ የውድድሩ አንድ ክፍል በከተማዋ ተካሂዶ ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት በክልሉ ግጭት ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ የ2016 ዓ.ም. ውድድርም ያለ ባሕር ዳር ተካሄደ። ክለቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈበት የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አዛምን በመለያ ምት ጥሎ እስከ ቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ድረስ የተጓዘው ከጣና ዳር ርቆ ነው።

በአጭሩ፣ ሁለቱ ክለቦች ታሪካዊ ውጤቶቻቸውን ያስመዘገቡት ከደጋፊዎቻቸው ሜዳ ጋር ያላቸው ግንኙነት በሚላላበት ዘመን ነው። ስማቸው በአገሪቱ ሲሰፋ ሜዳቸው ከከተማቸው ራቀ።

5. ከወገዳ ሲታይ

እስከዚህ የተባለው በከተማው ደጋፊ ዓይን ነው። ከምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ሲታይ ግን ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገድ ላይ ጋይንትን ያገኛል። የስማዳ ዋና ከተማ ወገዳ ከዚህ መንገድ ወደ ደቡብ ገባ ብላ፣ የበሽሎና የዓባይ ሸለቆዎች ወደሚገናኙበት ቆላ ፊቷን አዙራ ትገኛለች። የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ በበኩሏ ከደብረ ታቦር በስተደቡብ ናት። ደብረ ታቦር ራሷ ከባሕር ዳር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ለወገዳ ነዋሪ በባሕር ዳር አንድ ጨዋታ ማየት ማለት የሁለት ቀን መንገድ፣ የማደሪያ ወጪና ከሥራ መቅረት ነው። የሊጉ ዋና ዋና ሳምንታትም ከኅዳርና ከታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ወራት ጋር ይገጥማሉ። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የሜዳ ተወዳጅነት የሚባለው ነገር ከመነሻውም አልነበረም።

ይህ ማለት ግን እግር ኳስ ለአካባቢው እንግዳ ነው ማለት አይደለም። የትምህርት ቤት ሜዳ፣ ከጨርቅና ከካልሲ የተሠራ ኳስና በድንጋይ የተከለለ ጎል የየቀበሌው ልጅ የሚያውቃቸው ናቸው። ከዚያ በፊትም የገና ጨዋታ ነበር። ሩሯን በዱላ እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን የሚያሳድዱት ተጫዋቾች የሚከፈሉት በአብዛኛው በመንደር፣ በወንዝ ማዶና ማዶ ነው። በዚህ ባህል ያደገ ሰው «ቡድን» ሲባል የሚረዳው የአንድ ቦታ ሰዎችን ነው። የመሥሪያ ቤት ክለብ ለእርሱ ረቂቅ ነገር ሲሆን፣ የከተማ ክለብ ግን ከሚያውቀው ሥርዓት ጋር የሚገጥም ነው። ፋሲልና ባሕር ዳር ከተማ ወደ ሊጉ ሲገቡ በገጠር ከተሞችም ወዲያው ቦታ ያገኙበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ክለቦቹ ወደ ወገዳ የሚደርሱባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሬዲዮ ነው፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ሬዲዮ ኤሌክትሪክ ባልደረሰባቸው ቀበሌዎችም ውጤት ያደርሳል። ሁለተኛው ሰው ነው። በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች የሚማረው ተማሪ ለዕረፍት ሲመለስ፣ በጎንደር አድርጎ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለሥራ የሚወርደው ወጣት ሲመጣ፣ የክለቡን ስምና ዘፈን ይዘው ይመጣሉ። አስተዳደራዊው መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ የሥራው መንገድና የታሪክ ስሙ ወደ ጎንደር ስለሚስቡ፣ የአካባቢው ደጋፊ ለሁለት ሊከፈል መቻሉ ከዚሁ የሚመጣ ነው። ሦስተኛው መንገድ የወረዳ ከተሞች ኳስ ማሳያ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ በሩ ላይ የዕለቱ ጨዋታዎች የተጻፉበት ይህ ቤት ለረጅም ጊዜ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ግዛት ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን የአርሰናልንና የማንቸስተር ዩናይትድን ስም በሚያነብበት ሰሌዳ ላይ የፋሲልንና የባሕር ዳርን ስም ማንበብ የሚችልበት ዕድል ተከፈተ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ የሊጉ አደረጃጀት መለወጥ ለወገዳ ተመልካች ምንም አላጎደለበትም፤ እንዲያውም በድምፅ ብቻ የሚያውቀውን ቡድን በዓይኑ እንዲያይ አድርጎታል። የጎደለበት የከተማው ደጋፊ ነው። ከስታዲየሙ በእግር ርቀት ላይ የሚኖረው የባሕር ዳር ሰው ክለቡ በአዳማ ወይም በድሬዳዋ ሲጫወት የሚያየው ልክ እንደ ወገዳው ሰው፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ሁለተኛ፣ የወረዳው ተመልካች ለማየት ይከፍላል። የኪስ ተወዳጅነት በገጠር ከተማ የለም የሚለው ግምት ትክክል አይደለም። ነገር ግን በማሳያ ቤቱ በር ላይ የሚከፈለው ብር ለቤቱ ባለቤትና ለሳተላይት አገልግሎቱ ይሄዳል እንጂ በቀጥታ ለክለቡ አይደርስም።

የስርጭት ተወዳጅነት የራሱ ስብራትም አለው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ መንገድ ሲዘጋና መብራት ሲጠፋ ማሳያ ቤቱም ይዘጋል። ሜዳ በራቀ ጊዜ ስክሪን ይተካዋል የሚለው አስተሳሰብ ስክሪኑ ራሱ በሰላም ላይ የቆመ መሆኑን ይዘነጋል።

6. ስሙ የነዋሪ፣ ወጪው የማን?

ወደ ባለቤትነት ጥያቄ ስንመለስ፣ በስም የነዋሪዎች የሆኑት ክለቦች በተግባር በአመዛኙ የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደር በሚመደብላቸው በጀትና በስፖንሰር ድጋፍ ነው። የአንድ ክለብ ትልቁ ወጪ የተጫዋቾች ክፍያ መሆኑ የታወቀ ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ መስማማታቸው፣ ጉዳዩ ምን ያህል አሳሳቢ ሆኖ እንደ ነበር ያሳያል። ክለቦች ከቤታቸው ወጥተው ለሳምንታት በሆቴል ሲቀመጡ ደግሞ የማደሪያና የምግብ ወጪ ይጨመራል፤ በገዛ ሜዳቸው ትኬት የሚሸጡበት ዕድል ግን ይጠባል። ወጪው ሲያድግ ገቢው የሚቀንስበት ሒሳብ የትኛውንም ተቋም ያደክማል።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ የከተማ ክለብና የመሥሪያ ቤት ክለብ እኩል አይጎዱም። ባንክና የመድን ድርጅት የራሳቸው ገቢ አላቸው፤ ክለባቸው በየትኛው ከተማ ቢጫወት ደመወዙ ከድርጅቱ ካዝና ይወጣል። የከተማ ክለብ ግን ከሌሎቹ የሚበልጥበት ዋናው ሀብት ሜዳ የሚሞላው ሕዝቡ ነው። ያ ሕዝብ ከሒሳቡ ሲወጣ ብልጫው አብሮ ይወጣል። የዋንጫው ጉዞ ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ይመስላል። ከፋሲል በኋላ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መድን ሻምፒዮን ሆኑ። ከ2010 እስከ 2013 ዓ.ም. በከተሞች መካከል ይዞር የነበረው ዋንጫ ወደ ዋና ከተማው፣ በመጨረሻም ወደ መሥሪያ ቤት ክለቦች ተመለሰ። ለዚህ የሜዳ መራቅ ብቻውን ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ጦርነትና የጸጥታ ችግር፣ የተጫዋቾች ዝውውርና የአስተዳደር ብቃት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን የከተማ ክለቦች ከፍ ያሉበት ዘመንና ሜዳቸውን ይዘው የነበሩበት ዘመን በአብዛኛው መግጠማቸው ሊታለፍ የማይገባው ነጥብ ነው።

7. ከሌላ አገር የሚገኝ ማነጻጸሪያ

እግር ኳስ ዋና ስፖርት ባልሆነባት በአሜሪካ፣ የሲንሲናቲ ከተማ ክለብ ያለፈበት መንገድ ለንጽጽር ይጠቅማል። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2016 በታችኛው እርከን መጫወት ሲጀምር የራሱ ስታዲየም አልነበረውም፤ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲን ሜዳ ተጠቅሞ ከእርከኑ በላይ የሆነ ተመልካች ሰበሰበ። ያ ተመልካች ለክለቡ የመደራደሪያ ኃይል ሆነው። በ2019 ወደ ከፍተኛው ሊግ ገባ፤ በ2021 ደግሞ 26,000 ያህል ሰው የሚይዝ የራሱን ስታዲየም ከፈተ። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ቋሚ ሜዳና ቋሚ ቀጠሮ፣ ቀጥሎ በዓመት ትኬት የታሰረ ደጋፊ፣ በመጨረሻ ትልቁ መዋዕለ ንዋይ።

የሁለቱ አገሮች ሀብትና ሰላም እንደማይወዳደር ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ቅደም ተከተሉ ያስተምራል። በባሕር ዳር ታላቁ ስታዲየም ቀድሞ መጣ፤ ተመልካቹም መጣ፤ ተመልካቹን ወደ አባልነትና ወደ ቋሚ ክፍያ የሚያሸጋግረው መካከለኛው ደረጃ ግን ሳይገነባ ቀጠሮው ተቋረጠ። የሜዳ ልማድ ያለ ሜዳ ብዙ ዓመት አይቆይም። በ2011 ዓ.ም. በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ባሕር ዳርን ያየ ሕፃን ዛሬ ወጣት እየሆነ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የተወለደው ግን ክለቡን የሚያውቀው በስክሪን ብቻ ነው።

8. መደምደሚያ

ከላይ የቀረበው ትንታኔ ወደ ሦስት ድምዳሜዎች ይመራል። አንደኛ፣ በባሕር ዳርና በጎንደር የፕሮፌሽናል እግር ኳስ ተወዳጅነት ያደገው ክለቡ የቦታን ስም በመያዙና በቋሚ ቀን በቋሚ ሜዳ በመገኘቱ ነው፤ የዋንጫ ብዛት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ተወዳጅነቱ በስፋት ጨምሮ በጥልቀት ሳስቷል፤ ወገዳና ንፋስ መውጫ ሲገቡበት የስታዲየሙ ደጋፊ ወደ ተመልካችነት ወርዷል። ሦስተኛ፣ ክለቦቹን በቋሚነት ሊያቆም የሚችለው የኪስ ተወዳጅነት ገና አልተሠራም።

ሜዳው እስኪመለስ ድረስ ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። ክለቦቹ ደጋፊያቸው ዛሬ በከተማው ወሰን ብቻ እንዳልተወሰነ ተቀብለው አባልነትን ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ መካነ ኢየሱስ፣ ወደ ንፋስ መውጫና ወደ ወገዳ ሊያደርሱ ይችላሉ። አነስተኛ ዓመታዊ መዋጮ ከብዙ ሰው ሲሰበሰብ ከአንድ ትልቅ ስፖንሰር ይልቅ የተረጋጋ ነው፤ እድርና እቁብን ያደራጀ ማኅበረሰብም ለዚህ ባዕድ አይደለም። በምላሹ አባሉ በክለቡ ጉዳይ ድምፅ ሊኖረው፣ የወረዳው ልጅም ወደ ክለቡ የታዳጊ ቡድን የሚሄድበት የምልመላ መንገድ ሊከፈትለት ይገባል። የሚሰጥ እንጂ የማይቀበል ደጋፊ ቢበዛም አይጸናም።

ለቀጣይ ጥናት ሰፊ መስክ አለ። የማሳያ ቤቶች ገቢና የተመልካቾቻቸው ምርጫ፣ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር የደጋፊው በሁለቱ ክለቦች መካከል መከፈል፣ የሴቶች የስታዲየምና የማሳያ ቤት ተሳትፎ እያንዳንዳቸው የመስክ ሥራ የሚሹ ርእሶች ናቸው። የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዚህ ከማንም ይልቅ ቅርብ ናቸው። ከነማ የሚለው ስም ክለቡ የነዋሪው ነው ካለ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ይህ በተግባር የሚፈተነው ዋንጫ በሚነሣበት ቀን ሳይሆን ሜዳው ርቆ በጀቱ በሚያጥርበት ዓመት ነው።